የፀሐይቱ የቁም ተዝካር

ላሊበላ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
ይድረስ ለእማሆይ ወለተ ሩፋኤል
ደብረ ሊባኖስ

ነገሩ የተበላሸው፣ አቶ ከፋለ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አልቃሾቹን አስከትሎ፣ «እትዬን፣ እትዬን» እያለ በግቢያችን በር ሲገባ፣ የሚያለቅስላቸው አክስቱ እትዬ ፀሐይቱ ከዳሱ ሥር ብድግ ብለው «ምነው ከፋለ፣ ማን ሞተ?» ያሉት ጊዜ ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ትተውልኝ በሄዱት የአረጋውያን ቤት ያሉት ሽማግሌዎችም ባልቴቶችም ደኅና ናቸው። ደኅና ያልሆነው ቦርዱ ነው።

«በውኑ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አወጣሽ?» ብለው በመንገደኛ ልከውብኛል። እኔ አላወጣሁም። ያወጡት እትዬ ፀሐይቱ ራሳቸው ናቸው። ወሬውን ከእኔ ቀድሞ ያደረሰልዎ የቦርዳችን ሰብሳቢ አቶ ሙሉሰው ቢሆን አይደንቀኝም፤ የእሱ ሆቴል ስልክ አለው፣ ገዳሙም ስልክ አለው፣ ስልክ አልይዝም ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።

እትዬ ፀሐይቱ ልጅ እንደሌላቸው ያውቃሉ። ከገና በፊት ቢሮዬ መጥተው ተቀመጡና «የሞትኩ እንደሆነ ቀባሪ አላጣም፤ ይህ ቤት ይቀብረኛል። ተዝካሬን ግን ማን ያወጣዋል? በቁሜ ላውጣው። የሚበላውንም ሰው በዓይኔ ልየው» አሉኝ። በጓሮ ያረቧቸው በጎች ነበሯቸው። ጠላውን ባልቴቶቹ ተካፍለው ጠመቁ። «ዘመድ ይጠራ?» ብላቸው «ሙጃ የሚኖር አንድ የወንድም ልጅ አለኝ። እዚህ ከገባሁ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። ተዪው» አሉ።

ተውኩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሄጄ የተማርኩት ሰው ሲናገር መስማትን ነው። ዘመድ እያለ የቁም ተዝካር ማውጣት «ሰው የለኝም» ብሎ በአደባባይ መናገር እንደሆነ፣ ለዘመዱም ከስድብ እንደሚከፋ አውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር። ሊሉ የፈለጉትም እሱኑ ነው።

ድግሱ አምሮ ነበር። ከእኛው ጋር ለሚኖሩት ለአባባ አባስ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ አርደው፣ ለብቻ ድስት ጥደው አመጡላቸው። በልቶ የተነሣ ሰው ምን ብሎ እንደሚመርቅ ግን ግራ ገባው፤ «ነፍስ ይማር» እንዳይል ባለነፍሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ጠላ ይቀዳሉ። ከእኛው ሽማግሌዎች አባ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው «‘ያቆይልን’ በሉ፣ በዚህ የሚቀየም የለም» ብለው የገላገሉን።

ያን ጊዜ ነው ከፋለ የደረሰው። ሙጃ ገበያ ላይ «የአክስትህ ተዝካር እሑድ ነው» የሚል ሰምቶ፣ መሞቷን ደብቀውኛል ብሎ፣ አገር አስለቅሶ መጣ።

«አለሽ እንዴ?» አለ፣ እንባው ሳይደርቅ።

«አለሁ። ለሬሳዬ አይሱዙ ተከራየህ፤ ለእኔ በእግርህም አልመጣህም» አሉት።

ዝም ቢባል ነገሩ እዚያው በቀረ። ነገር ግን አባባ አባስ ጋሸና ላይ ለሾፌር ምግብ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንደበታቸው አላስቻላቸውም። «ና ተቀመጥ ልጄ፤ ሟቿ ራሷ ታስተናግድሃለች» አሉ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አልቃሾቹም ሳቁ። ከፋለ ግን አልሳቀም። ከዚያው ወደ አቶ ሙሉሰው ሆቴል ሄዶ ከሰሰን።

ቦርዱ ጠርቶኝ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። «ወይዘሮ ፀሐይቱ በዕድሜ መግፋት አእምሯቸው የተዳከመ በመሆኑ ድግሱ በስህተት የተደረገ መሆኑን የቤቱ ኃላፊ አረጋግጣለሁ» ይላል። ከፈረምኩ ከፋለ ከሐሜት ይድናል፣ የቤቱም ስም ይነጻል፣ እኔም ወንበሬን አገኛለሁ። የሚጠፋው የእትዬ ፀሐይቱ አእምሮ ብቻ ነው።

አልፈረምኩም። እስክፈርም ድረስ ከሥራ ታግጃለሁ። ለመሆኑ ይህ ቤት እንዴት ነበር የተጀመረው?

እምነት

*

ደብረ ሊባኖስ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ። ለልጄ ለእምነት፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽ በደኅና ደርሶኛል። ሙሉሰውም ጽፎልኛል። የእሱ በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ ለማንበብ ይቀላል፣ ለማመን ግን የአንቺ ይቀላል።

ቤቱ እንዴት እንደ ተጀመረ መጠየቅሽ ለክርክር እንደሆነ ገብቶኛል። እንዲያም ሆኖ እነግርሻለሁ። ለገና የሚመጣን እንግዳ እግር ማጠብ የአባቶቻችን ወግ ነው። ገለቴ የምትባል አሮጊት ከራያ በእግሯ መጥታ ቤቴ አደረች። እግሯን ውኃ ውስጥ ሳስገባው እንደማትመለስ ታወቀኝ። እሷም ታውቋት ኖሮ «እመቤቴ፣ ቀስ ብለሽ እጠቢው፣ ለከርሞም ያስፈልገኛል» አለችኝ። ዓመቱን ተቀመጠች። በሚቀጥለው ገና እሷ ደግሞ የሌላ ሽማግሌ እግር አጠበች፤ እሱም ቀረ። እሱም በተራው አጠበ። አዲስ የገባን ሰው እግር ከእሱ በፊት የገባው እንዲያጥብ የሆነው በዚህ ነው። ማንም አልመሠረተውም ልጄ። ልጆቼ ያን ጊዜ «እናታችን አበደች፣ ቤታችንን ለመንገደኛ ሰጠች» ብለው ዳኛ ዘንድ እስከ መሄድ ደርሰው ነበር። ቦርዱ፣ ማኅተሙ፣ የውጭ አገር ጎብኚው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ምክሬን ስሚ። ፈርሚ። ወረቀት ነው። ፀሐይቱ ብልህ ናት፤ አእምሮዋ ደከመ ብትባል ትስቃለች እንጂ አታለቅስም። አንቺ ከዚያ ቤት ከወጣሽ ግን የሚያለቅሱት ብዙ ናቸው። ቤቱ ከአንድ ሰው ክብር ይበልጣል። እኔ ስንቱን ውጬ ነው ያቆምኩት።

በወይራው በኩል ያለችው ክፍል ባዶ ናት ወይ? የምጠይቅሽ ለሰው ነው።

ወለተ ሩፋኤል

*

ላሊበላ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ፣ እንደምን አሉ? ጉልበትዎ ላይ የሚቀቡትን ቅባት በዚሁ ደብዳቤ አምጪ ልኬልዎታለሁ። ማታ ማታ እንጂ ጠዋት አይቀቡት።

ክፍሏ ባዶ ናት። ለማን እንደሆነች አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠይቅም።

በምክርዎ ተቆጥቻለሁ። ተቆጥቼ እንዳልጽፍ ቅዳሜን አሳልፌ ነበር፤ ቁጣው ግን አላለፈም። እርስዎ ራስዎ በጻፉት እመልስልዎታለሁ። ልጆችዎ «እናታችን አበደች» ባሉ ጊዜ፣ እንደ እኔ የተማረች አንዲት ልጅ «አዎ፣ አእምሯቸው ተዳክሟል» ብላ ፈርማ ቢሆን ኖሮ፣ ገለቴ ዝናብ ላይ ታድር ነበር። ይህም ቤት አይኖርም ነበር። ያልፈረመልዎት ሰው ማን እንደ ነበር አላውቅም። እኔ ግን የእሱን ያህል መሆን እፈልጋለሁ።

እትዬ ፀሐይቱስ ይስቃሉ ወይ? ወረቀቱን ሄጄ አነበብኩላቸው። አልሳቁም። «ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምናገረው ሁሉ ንፋስ ነው ማለት ነው? ራሴን አመመኝ ብልስ? ከዚህ ውሰዱኝ ብልስ?» አሉኝ። መልሱን እርስዎ ካገኙት ይጻፉልኝ።

በተረፈ አይዘኑልኝ፤ ከእናቴ ቤት ሆኜ እየተደሰትኩ ነው። በእኔ ቦታ አቶ ሙሉሰው ከሆቴሉ በለጠ የሚባል ሰው ላከ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ «ምን ልታዘዝ» ይላል። ግን በሮቹ ላይ ቁጥር ለጥፎ ሰዉን በቁጥር ይጠራል። አራጋውን «ክፍል አምስት» ብሎ ቢጣራ «ክፍል አምስት በሩ ነው፤ በሩ ይመልስልህ» አሉት። አባባ አባስ ደግሞ ቁልፍ ሲሰጣቸው «ስንለቅ የምንመልሰው ለአንተ ነው ወይስ ለመልአኩ?» ብለው ጠየቁት። ይህን ሁሉ የማውቀው በየቀኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ እናቴ ቤት ስለሚመጡ ነው። በለጠ «የት ይሄዳሉ?» ሲላቸው «ቢሮ» ይሉታል።

ትናንት አንድ ነገር ይዘው መጡ። «ከፋለን ሽማግሌ እንላክበት» አሉ አራጋው።

«ማንን ነው የምንልከው?» አልኩ።

አባባ አባስ ዘወር ብለው አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ አገሩ ሽማግሌ ሲፈልግ ገደል ይወጣል። እኛ ዘንድ ግን ግቢ ሙሉ ነው» አሉኝ። «ለሽምግልና የሚጎድለን ቢኖር ጥርስ ነው፤ እሱም ለንግግር አያስፈልግም።»

ሙጃ ይሄዳሉ። አልከለከልኳቸውም። የመከልከል ሥልጣንም የለኝም፤ ታግጃለሁ።

እምነት

*

ላሊበላ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? በአጭሩ የጻፉት ቃል በአንድ መነኩሴ በኩል ደርሶኛል። «ሽማግሌዎቹ በደኅና ገቡ ወይ?» ብለዋል። ስለ ምክርዎ አንድም ቃል አልጨመሩም፤ እኔም አልነካካውም። ፊደልዎ ግን ከወትሮው ተልቋል፣ መስመሩም እየወረደ ነው። ብዕሩ ነው ወይስ ሌላ?

በደኅና ገብተዋል። አራጋው ብቻ ወገቤን ይላሉ፤ ወገቤን ሲሉ ግን ፊታቸው ይስቃል።

የሄዱት አራጋው፣ አባ ሰይፈ ሥላሴና አባባ አባስ ናቸው። ከፋለ ደጅ ሲደርሱ አንድ ችግር ገጠማቸው። የሽማግሌ ጉልበቱ «እሺ ካላልከን እህልህን አንቀምስም» ማለት ነው። አባ ሰይፈ ሥላሴ ዐቢይ ጾም ላይ፣ አባባ አባስ ረመዳን ላይ ናቸው፤ በቀትር «አንበላም» ቢሉ ማን ይደነግጥላቸዋል? ስለዚህ «አንቀመጥም» አሉ። ቆሙ።

አባባ አባስ እንዲህ ሲሉ ነው የነገሩኝ፦ «ልጁ ወንበር ያወጣል፣ እኛ እንቆማለን። ቁርበት ያነጥፋል፣ እንቆማለን። አራጋው ከዘራው ላይ እንደ ሸንበቆ ሲወዛወዝ ከፋለ ወዙ ጠፋ። ሽማግሌ ደጁ ላይ ቢወድቅበት ሙጃ ምን ሊለው ነው? ‘አባቶቼ፣ ተቀመጡ እንጂ፤ የመጣችሁበትን ከዚያ እንሰማለን’ አለ። ‘አይሆንም፣ ቀድመህ እሺ በል’ አልነው። ‘ምኑን ነው እሺ የምለው?’ አለ። ‘እሱን ተቀምጠን እንነግርሃለን’ አልነው። እሺ አለ። ተቀመጥን። አልሃምዱሊላህ፣ አንድ ደቂቃ ቢያዘገየን አራጋውን ተሸክመነው ነበር።»

ተቀምጠው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ለምን ቀረህ? ከፋለ «አክስቴ እዚያ ቤት የገባች ጊዜ አገሩ ‘የወንድሟ ልጅ አባረራት’ አለኝ። እኔ አላባረርኳትም፤ ራሷ ነች የሄደች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ያን ወሬ እውነት የማደርገው መሰለኝ። ቆየሁ። በቆየሁ ቁጥር ደግሞ መሄዱ ባሰብኝ» አለ። አባ ሰይፈ ሥላሴ «ታዲያ ስትሞት እንዴት አላፈርክ?» አሉት። «ሬሳ ‘የት ነበርክ’ አይልማ» አለ። ይህን ያህል እውነት ይናገራል ብለው አልጠበቁም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከፋለ ራሱ ቦርዱ ፊት ቀረበ። «አክስቴ አእምሮዋ አልደከመም። የተናገረችኝ እውነት ነው፤ ያናደደኝም እውነት ስለሆነ ነው። ክሴን አንስቻለሁ» አለ።

አለቀ ብዬ ነበር። አቶ ሙሉሰው ግን ወረቀቱን እንደገና አወጣ። «ለመዝገቡ ነው። ‘በከፊል ተዳክሟል’ ብለን እናሻሽለው። እምነት፣ አታክርሪው» አለ።

«የትኛው ከፊል?» አልኩት።

ይህን ጊዜ እትዬ ፀሐይቱ በሩ ላይ ነበሩ። ማንም አልጠራቸውም። «ሙሉሰው፣ እንደምን ዋልክ?» አሉ። ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ ይህ አመሉ ጥሩ ነው። «አእምሮዬ ደክሟል አሉ። እንኳን ነገራችሁኝ። እኔ ተዝካሬ ላይ አንተን መጀመሪያ ከካህናቱ ጋር፣ ኋላ ደግሞ ከእድርተኛው ጋር፣ ሁለት ዙር ስትበላ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የአእምሮዬ ድካም ነው።»

ጸሐፊው ቀድሞ ሳቀ። ከፋለም ሳቀ፤ ሲስቅ አክስቱን ይመስላል። በመጨረሻ አቶ ሙሉሰውም ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀና «ወጡ ጥሩ ነበር እትዬ» አለ። ወረቀቱን አጠፈው፤ ሁላችን እያየን ቀደደው። በማግሥቱ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በለጠ ቁጥሮቹን ከበሮቹ ላይ ራሱ ሲልጥ አገኘሁት። ሙጫው እንቢ ብሎት ምልክቱ ቀርቷል።

እምነት

*

ደብረ ሊባኖስ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ። ልጄ እምነት፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የሽማግሌዎቹን መቆም ለእህቶቼ ባነብላቸው ጾም መሆኑን ረስተን ሳቅን።

ስለ ፊደሉ ጠይቀሻል። ብዕሩ አይደለም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ አንደኛው ሄዷል፣ ሌላው እየሄደ ነው። ያንቺንም ደብዳቤ ፀሐይ ላይ አድርጌ ነው የማነብ። ያልነገርኩሽ እንዳታመጪኝ ፈርቼ ነው። ክፍሏን የጠየቅሁሽ ለራሴ ነበር። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ለዓለም በቃኝ ብዬ ቆብ ጭኜ፣ ተሰናብቼ፣ እናንተም ሸኝታችሁኝ ወጥቼ፣ እንደገና ጓዜን ይዤ ስመለስ ሰው ምን ይለኛል?

ፈርሚ ያልኩሽን ይቅር በይኝ። ጃጅቼ ነው። ያረጀ አእምሮ የጻፈው ነው፤ አትቁጠሪብኝ።

ወለተ ሩፋኤል

*

ላሊበላ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማሆይ ወለተ ሩፋኤል፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ።

ክፍሏን አስቀብተናል። አልጋው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነበር፤ ጠዋት ብርሃኑ ዓይንዎን እንዳይወጋው እትዬ ፀሐይቱ አዙረውታል። የዓይን ሐኪሞች ከክረምት በፊት ወደ ወልድያ ይመጣሉ ብለውናል፤ ሞራው የሚገፈፍ ከሆነ ያን ጊዜ ይታያል። መንገዱ ክፍት እንደሆነ ይህን ደብዳቤ የያዘው ሾፌር ይዞዎት ይመለሳል። ሰው ምን ይለኛል ብለዋል። እዚህ ያለው ሰው «መቼ ነው የሚደርሱት?» ይላል፤ ሌላ ያለው ነገር የለም።

ከፋለ ለፋሲካ መጥቶ ነበር። ሦስት ቀን ተቀምጦ የበጎቹን ጉረኖ ጠገነ። ከአክስቱ ጋር ብዙም አላወሩም፤ እሱ ይመታል፣ እሳቸው ምስማር ያቀብላሉ። ሲሄድ «ለሰኔ ሚካኤል እመጣለሁ» አለ። እትዬ ፀሐይቱ «ብትቀር ሁለተኛ ተዝካር አወጣለሁ» አሉት። አቶ ሙሉሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ስብሰባ ከሽማግሌዎቹ አንድ ሰው ቦርዱ ውስጥ ይግባ ብሎ ራሱ ሐሳብ አቀረበ። ማን እንደሚገባ እነሱ ይመርጣሉ። አባባ አባስ ቅስቀሳ ጀምረዋል።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ ምክንያቱን ግን መልሼልዎታለሁ። ጃጅተው አይደለም። «ፈርሚ» ብለው ሲጽፉ ልብዎ ሙሉ ነበር፤ ለቤቱ ፈርተው፣ ለእኔም አስበው፣ አመዛዝነው ነው የጻፉት። ከዚያም ተሳሳቱ። ሰው በሙሉ ልቡ ይሳሳታል። እኔ ስሳሳት «ገና ልጅ ናት» ይሉኛል፣ እርስዎ ሲሳሳቱ «አርጅተዋል» ይባላል፤ በዕድሜ መካከል ላይ ያለው አቶ ሙሉሰው ብቻ ነው ስህተቱ የራሱ የሚሆንለት። የእርስዎም ስህተት የእርስዎ ይሁን። መጥተው ይሟገቱኝ። አንድ ዓይንዎ ቢሄድም አፍዎ እንዳለ ነው፤ እኔም መልስ አላጣም።

ከመምጣትዎ በፊት ግን ይህን ይወቁልኝ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት፣ ያረጀ ሰው የፈለገውን ስለተናገረ፣ የጠላውን ስለጠላ ወይም ስለተሳሳተ «ጃጅቷል» መባሉን አልቀበልም። ከቦርድ አልቀበልም። ከዘመድ አልቀበልም። እማሆይ፣ እርስዎም ስለ ራስዎ ሲሉት አልቀበልም።

ልጅዎ እምነት